አንድ ታንክ፣ አንድ ቀን፦ የ1943ቱን ቲ-34 በ1 ለ35 ልኬት መሥራት

የመጀመሪያውን የሶቪየት ቲ-34 ታንክ ሞዴሌን የጨረስኩ ቀን ደረቴን ነፍቼ ነበር። ቀለሙ አምሯል፤ ጭቃውም ጭቃ መስሏል። ከሥሩ ባለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ «ስታሊንግራድ፣ 1942» ብዬ ጻፍኩ። ነገሩን የሚያውቅ አንድ ወዳጄ መጣና አየት አድርጎት «አይ፣ ይሄ ታንክ እኮ ያኔ ገና አልተወለደም» አለኝ። ጣቱን የቀሰረው አናቱ ላይ ጉብ ባለችው የአዛዡ መመልከቻ ቆብ ላይ ነው። ያቺ ቆብ የመጣችው በ1943 አጋማሽ ነው። የስታሊንግራድ ውጊያ ደግሞ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ አልቋል። ሁለት ወር የለፋሁበት ሥራ ከጥፍሬ በማትበልጥ ፕላስቲክ ምክንያት ውሸታም ሆነ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያንን ስህተት እንዳትደግሙት ነው። ለምሳሌ የምንሠራው ቲ-34 ቢሆንም አካሄዱ ለአሜሪካው ሸርማንም ለጀርመኑ ታይገርም ያገለግላል። ቀድመን በቃላቱ እንስማማ። የታችኛውን አካል ቀፎ፣ መድፉን ተሸክሞ የሚዞረውን የላይኛውን ክፍል ደግሞ ማማ እለዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

«ቲ-34 እሠራለሁ» ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ታንኩን በርካታ ፋብሪካዎች ሠርተውታል፤ ሁሉም ባገኙት ዕቃ፣ በራሳቸው መንገድ። የካርኮቩ ቁጥር 183 ፋብሪካ ጀርመኖች ሲቃረቡ በ1941 ተነቅሎ ኡራል ውስጥ ወዳለችው ኒዥኒ ታጊል ተዛወረ። የስታሊንግራድ ትራክተር ፋብሪካ ላስቲክ ሲያጥርበት ዙሪያው ብረት የሆነ ጎማ መግጠም ጀመረ። የስቨርድሎቭስኩ ኡራልማሽ ደግሞ ከሚቀልጥ ብረት ከማፍሰስ ይልቅ ወፍራም ሰሌዳ በትልቅ ፕሬስ እየተጫነ ማማ አወጣ። ጎርኪ፣ ቼልያቢንስክና ኦምስክም የየራሳቸው መልክ አላቸው።

ስለዚህ አራት ነገር ወስኑ፦ ፋብሪካ፣ የተሠራበት ጊዜ፣ የተዋጋበት ቦታ፣ ወር። የዛሬው ምርጫችን በኒዥኒ ታጊል የተሠራ፣ በጁላይ 1943 በሩሲያዋ ኩርስክ የተዋጋ ታንክ ነው። በፕሮኮሮቭካ አካባቢ፣ ጁላይ 12 ከተደረገው ትልቅ ግጥሚያ በፊት ባሉት ቀናት ላይ እናስቀምጠው።

አሁን ብዙ ጥያቄ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ማማው ስድስት ጎን ያለው ነው፤ ሩሲያውያን «ጋይካ» ይሉታል፣ ዳዶ ማለት ነው። አናቱ ላይ ሁለት ክብ ክዳኖች አሉት። ወዳጄ የያዘብኝ ቆብ የለችም፤ ኩርስክ ላይ የተዋጉት ቲ-34ዎች በአብዛኛው ያለ እሷ ነበሩ። መድፉ ባለ 76.2 ሚሊ ሜትሩ ነው፤ 85ቱ የመጣው በ1944 መጀመሪያ ነው። ወቅቱ ሞቃት ስለሆነ ነጭ የበረዶ ቀለም አይታሰብም። አፈሩም ታወቀ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከጠረጴዛችሁ በላይ ለጥፉት። መሃል ላይ «እስቲ ይቺንም ልጨምርባት» የሚል ፈተና መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ቀና ብላችሁ ታነቡታላችሁ።

ፎቶ ማንበብ

የጦርነቱ ጊዜ ፎቶ ከሙዚየም ታንክ ይበልጣል። ሙዚየም የቆመ ታንክ ብዙ ጊዜ ከጦርነቱ በኋላም ለዓመታት አገልግሏል፤ ተጠግኗል፣ ጎማው ከኋላ በመጡ ታንኮች ጎማ ተቀይሯል፣ አምስት ስድስት ጊዜ ተቀብቷል። ባለ 85 ሚሊ ሜትሩ ቲ-34 ከጦርነቱ በኋላ በፖላንድና በቼኮዝሎቫኪያም ተመርቷል። እና ሙዚየም ሄዳችሁ ቀለም አትቅዱ። የብየዳውን መልክ፣ የብሎኑን መጠን፣ የብረቱን ሸካራነት ቅዱ። ለዚህ ግን ወደር የለውም።

የጦርነቱ ፎቶዎችም ተንኮል አላቸው። በዘመኑ ለቀይ ብርሃን ስሜት የሌለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ገና በሥራ ላይ ነበር። እንዲህ ባለው ፊልም ቀይ ነገር ወደ ጥቁር ይጠጋል። ስለዚህ ከግራጫ ተነስታችሁ ስለ ቀለም አትፍረዱ። ሁለተኛ፣ ከምናያቸው የተመቱ ቲ-34ዎች ብዙዎቹን ፎቶ ያነሷቸው የጀርመን ወታደሮች ናቸው። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ ታንኩ ግን ተቃጥሎ፣ ላስቲኩ ቀልጦ፣ ቀለሙ ተልጦ ይሆናል። የተቃጠለ ታንክ ዝገት አይታችሁ በሚንቀሳቀስ ታንክ ላይ ከቀባችሁ አለቀላችሁ። ሦስተኛ፣ ከፎቶ ሥር የተጻፈውን ቀንና ቦታ በጥርጣሬ አንብቡ። ታንኩ ራሱ ከጽሑፉ የተሻለ ይናገራል።

ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱም ጎን የሚያሳዩ፣ የአንድ ፋብሪካ ታንክ ስምንት አሥር ፎቶ ካገኛችሁ በቂ ነው፤ ከወረቀቱ ጎን ለጥፏቸው።

ሳጥኑን ከመክፈት እስከ ካሊፐር

1 ለ35 እንግዳ ቁጥር ይመስላል፤ ነውም። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ ቀፎው ውስጥ ሞተርና ባትሪ መግባት ነበረበት። መጠኑን የወሰነው ባትሪው ነው። ሌሎቹ ተከትለው ሄዱ፣ ዛሬ ብዙ ሰው በ35 ያካፍላል።

እናንተም አካፍሉ። የቲ-34 ቀፎ 5.92 ሜትር ይረዝማል፤ በሞዴሉ 16.9 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ወርዱ 3 ሜትር ስለሆነ 8.6 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ጎማው ዳር እስከ ዳር 83 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 23.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሰንሰለት 14.3 ሚሊ ሜትር። ካሊፐር (የሚሊ ሜትር ክፋይ ሳይቀር የሚለካ መሣሪያ) አንሱና ክፍሎቹን ለኩ። የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት በእውነተኛው ታንክ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በቀፎ ርዝመት ላይ ዓይን አይይዘውም፤ በጎማ ወይም በክዳን ላይ ግን ያስታውቃል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ አረጋግጡ፦ የፊቱን ሰሌዳ ተዳፋት። ቲ-34ን ቲ-34 ያደረገው እሱ ነው። 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ከቀጥታ ቁመት 60 ዲግሪ ተጋድሟል። ከካርቶን ባለ 30 ዲግሪ ሦስት ማዕዘን ቁረጡ፤ ሞዴሉን ከጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና ካርቶኑን ከጎኑ አቁማችሁ ተዳፋቱን ከፊቱ ሰሌዳ ጋር አስተያዩት። ልዩነት ካለ ከማጣበቃችሁ በፊት ነው የሚስተካከለው።

የዕቃው ዝርዝር ረጅም አይደለም። ስለታም ቢላ፣ ትንሽ መቁረጫ ፒንሳ፣ ወረንጦ፣ ሞረድ፣ የተለያየ ቁጥር ያለው ብርጭቆ ወረቀት፣ ፈሳሽ የፕላስቲክ ማጣበቂያ፣ ሱፐር ግሉ፣ ለክፍተት መሙያ ስቱኮ። ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚረጭ ብዕር መሳይ መሣሪያ) ካለ ጥሩ፤ ከሌለ በጥሩ ብሩሽ ስስ እያደረጉ ደጋግሞ መቀባትም ያኮራል። ማጣበቂያና ቀለም ስትጠቀሙ መስኮት ክፈቱ፤ ስትረጩ ጭምብል አድርጉ።

መቁረጥና ማጣበቅ

ክፍሎቹን ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ሳትለዩ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እጠቡ። ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ካለ ቀለም አያስይዝም። ስትቆርጡ ከክፍሉ ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቀሪውን በቢላ፣ ከዚያ በሞረድ። ሁሉንም ነገር ያለ ማጣበቂያ አንድ ጊዜ ግጠሙት።

ቀፎው ሳጥን ነው፤ ሳጥን ደግሞ ይጣመማል። ሰሌዳዎቹን ስታጣብቁ በላስቲክ ማሰሪያ አስራችሁ መስታወት ላይ አሳድሩት። በማግስቱ የጎማዎቹን ክንዶች ግጠሙና አሥሩንም ጎማ ሳታጣብቁ ሰክታችሁ መልሳችሁ መስታወቱ ላይ አቁሙት። አሥሩም መንካት አለባቸው። አንዱ ከተንጠለጠለ ታንኩ 30 ቶን ገደማ የሚከብድ መሆኑ ቀርቶ መጫወቻ ይሆናል።

ፈሳሽ ማጣበቂያ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያጣብቀው። ትንሽ ብሩሽ ነክራችሁ ስንጥቁን ንኩት፤ ራሱ ይገባል። ጣታችሁን ከስንጥቁ አርቁ። እኔ አንዴ ማማውን ጭብጥ አድርጌ ይዤ ማጣበቂያው በአውራ ጣቴ ሥር ሾልኮ ገባ። ሳነሳው አሻራዬ ከነመስመሩ ብረቱ ላይ ታትሟል። በ35 ሲባዛ ያ አውራ ጣት የቤት በር ያክላል። አንድ ምሽት በሞረድ አለፈ።

ፕላስቲኩን ብረት ማድረግ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ወደ ቀለም ይሮጣል። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ይህን ክፍል ነው።

ማማው እንዴት እንደተሠራ አስቡ። የእኛ የኒዥኒ ታጊል ማማ ቀልጦ በሻጋታ የፈሰሰ ብረት ነው። ላዩ ሸካራ ነው፤ ሁለቱ የሻጋታ ግማሾች የተገናኙበት መስመርም በዙሪያው ይታያል። በፕላስቲክ ግን ለስላሳ ሆኖ ነው የሚመጣው። ማማው ላይ ፈሳሽ ማጣበቂያ ወፈር አድርጋችሁ በቁራጭ ቦታ ቀቡ። ጥቂት ሰከንድ ጠብቃችሁ ፀጉሩ በተቆረጠ አሮጌ ብሩሽ ነካ ነካ፣ ነካ ነካ አድርጉት። ፕላስቲኩ ለስልሶ ስለነበር ጉድጓድና ጉብታ ይይዛል። የደረቀ ቀን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ጫፍ ጫፉን አሹት። ሸካራነቱ በመዳፍ ሊሰማ ይገባል እንጂ የብርቱካን ልጣጭ መምሰል የለበትም። የኡራልማሽን የፕሬስ ማማ ብትሠሩ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላደረጋችሁ፤ እሱ ለስላሳና ጠርዙ ክብ ነው። በፕሬስ ማማ ላይ ሸካራነት መጨመር ከተለመዱት ስህተቶች አንዱ ነው።

ቀፎው ደግሞ ሌላ ነው። እሱ የተዳመጠ ሰሌዳ ስለሆነ ለስላሳ ይሁን። ሰሌዳና ሰሌዳ የሚገናኙበት ላይ ግን ብየዳ አለ። በብዙ ሞዴሎች ብየዳው ወይ የለም ወይ ቀጭን ክር ይመስላል። ከፍሬሙ ቁራጭ ወስዳችሁ ከሻማ ነበልባል በላይ አሙቁትና ሲለሰልስ ሁለት ጫፉን ስባችሁ እንደ ስፌት ክር አቅጥኑት። መጋጠሚያው ላይ አጣብቁት። በፈሳሽ ማጣበቂያ ደግማችሁ አርሱት፣ ከዚያ በቢላ ጫፍ ጎን ለጎን እየተጫናችሁ ሂዱ፤ ትንንሽ የጨረቃ ግማሾች እየተደራረቡ ይወጣሉ። በጦርነት ፋብሪካ እየተጣደፈ የበየደ ሰው እጅ እኩል አይሄድም፣ እናንተም እኩል አታድርጉት።

ቀጥሎ ውፍረት። የሞዴሉን ፓራፋንጎ ለኩት። 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእውነተኛው ታንክ 28 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ ፓራፋንጎው ጥይት ሊመክት ነው! እውነተኛው ስስ ላሜራ ነበር። ከሥሩ ጠርዙን በሞረድ እየፋቃችሁ አሳሱት፤ ከላይ የሚያየው ሰው ቀጭን መስሎት ያልፋል። ላሜራ ስለሆነም ይታጠፋል፣ ይጎረብጣል። የፊተኛውን ጥግ በፒንሳ ትንሽ አጣሙት።

እግረኛ ወታደሮች ታንኩ ላይ ሲሳፈሩ የሚይዟቸውን እጀታዎች ቆርጣችሁ ጣሉና 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ የመዳብ ሽቦ ተኩ። የመድፉ አፍ ድፍን ከሆነ ብሱት፤ 76.2 ለ35 ሲካፈል 2.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የማርሚታዎቹንም አፍ እንዲሁ።

ሰንሰለቱ

የቲ-34 ሰንሰለት በየጎኑ 72 ቅጠል (እየተያያዙ ሰንሰለቱን የሚሠሩ የብረት ቁርጥራጮች) አለው፤ 36ቱ መሃላቸው ጥርስ አላቸው፣ 36ቱ ጠፍጣፋ ናቸው፣ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ኃይል የሚሰጠው ጎማ ከኋላ ነው። የራሱ ጥርስ የለውም፤ በውስጡ ባሉት 6 ሮለሮች የሰንሰለቱን ጥርስ እየያዘ ይጎትታል። ስለዚህ ስትገጥሙ የሰንሰለቱ ጥርስ በሁለት ሮለር መካከል መግባቱን እዩ። ካልገባ ታንኩ አይነዳም ማለት ነው።

የላይኛውን ክፍል የሚደግፍ ትንሽ ጎማ ቲ-34 የለውም። ሰንሰለቱ በክብደቱ ወርዶ በትልልቆቹ ጎማዎች አናት ላይ ይተኛል። ታንኩ ወደፊት ሲሄድ የኋላው ጎማ የታችኛውን ሰንሰለት ስለሚወጥረው ላላው የሚቀረው ላይኛው ነው። እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያለው ቲ-34 ካያችሁ ሠሪው ፎቶ አላየም። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አሰልፋችሁ በፈሳሽ ማጣበቂያ አያይዙ። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቃችሁ፣ ገና ሲተጣጠፍ፣ በጎማዎቹ ላይ ጠቅልሉት። ከዚያ በፓራፋንጎውና በሰንሰለቱ መካከል ጥጥ ወትፉና ወደ ታች እንደተጫነ ይደር። ለቀለም እንዲመች ጎማና ሰንሰለቱ አንድ ላይ ተነቅሎ የሚወጣ ይሁን፤ ከቀፎው ጋር አታጣብቁት።

ስለ ጎማ አንድ ቃል። በላስቲክ እጥረት የተነሳ በአንዳንድ ታንኮች ላይ ፊተኛውና ኋለኛው ጎማ ላስቲክ ለብሶ መሃለኞቹ ብረት ብቻ ነበሩ። ፎቶአችሁ የሚያሳየውን ብቻ ግጠሙ። ይህ ልዩነት ቀለም ላይ እንደገና ይመጣል።

ቀለም

የሶቪየት ታንክ መከላከያ አረንጓዴ «4ቢኦ» ይባላል። ትክክለኛው ቃና የቱ ነው በሚለው ሰዎች እስከ ዛሬ ይጣላሉ፤ ከጠብ የተረፈኝን ልንገራችሁ። በሞዴል ላይ የትኛውም ቀለም ከእውነተኛው ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ትንሽ ነገር ላይ ብርሃን ስለሚያንስ። ስለዚህ በጠርሙሱ ባለው አረንጓዴ ላይ ጥቂት ቢጫ አዘል ክሬም ጨምሩበት። ነጭ አትጨምሩ፣ የኖራ መልክ ያመጣል።

መጀመሪያ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለም የሚያስይዘው የመጀመሪያ ቅብ። ከዚያ አረንጓዴው፣ ስስ ስስ እያለ። ከዚያ በአግዳሚ ሰሌዳዎች መሃል ላይ ብቻ ትንሽ የነጣ አረንጓዴ፤ ፀሐይ የሚመታው እሱን ነው። ክዳን ክፍት ከተዋችሁ የተዋጊዎቹን ክፍል ግድግዳ ነጭ ቀቡ፣ ውስጡ እንዲያ ነበር።

አሁን በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሸፍኑትና ቁጥሩን ለጥፉ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ምልክቶች ሁሉ መለጠፍ ግዴታ አይደለም። ትልቅ ቀይ ኮከብ ያማረ ነገር ነው፤ ግን ብዙ ቲ-34ዎች ኮከብ አልነበራቸውም። ማማው ጎን ላይ በእጅ የተጻፈ ነጭ ቁጥር ይበቃል፤ በብሩሽ ራሳችሁ ብትጽፉት፣ ትንሽ ብትንጋደድም፣ ከታተመው ትበልጣለች። ከዚያ ማት፣ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ።

ዕድሜና አፈር

ሐሳባችን በጦርነት መሃል ያለ ታንክ ነው። ወራት እንጂ ዓመታት አላስቆጠረም። ወፍራም ብረት በዚህ ጊዜ ውስጥ ተበልቶ አይቦረቦርም። ዝገት የሚገባው በማርሚታውና በሰንሰለቱ ላይ ነው። የቀለም ልጥላጭ ከፈለጋችሁ ስፖንጅ ቀድዳችሁ ጥቁር ቡናማ ቀለም ንከሩ፣ ብዙውን ወረቀት ላይ አራግፉና ሰው በሚረግጥበትና በሚይዝበት ጠርዝ ላይ ነካ አድርጉ። ከክዳኖቹ ዙሪያና ከሾፌሩ መውጫ አትራቁ። የብር ቀለም አትጠቀሙ።

ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በማቅጠኛ በደንብ አቅጥናችሁ በብሎንና በብየዳ ሥር ብቻ በቀጭን ብሩሽ አስገቡ። ሙሉውን ታንክ አታጥቡበት።

አሁን ወደ አፈሩ። ኩርስክ የምትታወቀው በጥቁር አፈሯ ነው፤ ሩሲያውያን «ቼርኖዜም» ይሉታል። ብዙ ሰው በልማድ ቀይ ቡናማ ዱቄት ያነሳል፣ እሱ ሌላ አገር ነው። እርጥብ ጭቃው ጥቁር ማለት ይቻላል፤ ሲደርቅ ወደ ግራጫ ቡናማ ይሄዳል። በዚያ ጁላይ ዝናብም ፀሐይም ስለነበረ ሁለቱንም መጠቀም ትችላላችሁ። ጎማዎቹ መካከልና ቀፎው ሥር እርጥብና ወፍራም፣ ከፓራፋንጎ በላይ ደረቅ አቧራ። አቧራው ተኝቶ እንጂ ቆሞ አይከማችም፤ ተዳፋት ላይ አሳሱት።

ሰንሰለቱን ጥቁር ቡናማ ከቀባችሁ በኋላ መሬት የሚነካውን ጉብታ በእርሳስ ግራፋይት አሹት፣ ብረት ይሆናል። ከውስጥ በኩል ደግሞ ጎማዎቹን አስታውሱ። ብረት ጎማ የሚሄድበትን መስመር ያጠራዋል፤ ላስቲክ ጎማ እንዲያ አያደርግም። የተደባለቀ ከገጠማችሁ መሃለኞቹ ብረቶች መስመሩን ማጥራታቸው አይቀርም፤ የብረት ጎማዎቹንም ዙሪያ በግራፋይት ንኩ።

የመጨረሻው ፈተና

ሞዴሉን ነጣ ያለ ሰማይ በሚመስል ነገር ፊት አቁሙት። የቆመ ሰው ዓይን 1.6 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በ35 ሲካፈል 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የስልካችሁን ካሜራ በዚያ ከፍታ ላይ አድርጉ እንጂ ከላይ አታንሱ። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩና ከጠረጴዛችሁ በላይ ከለጠፋችሁት የጦርነቱ ፎቶ ጎን አስቀምጡት። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ እዩ። ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚቆምበት ቦታ አለ፤ የእኔ ሁልጊዜ የሰንሰለቱ ላይኛው መስመር ላይ ነው የሚቆመው። ሰንሰለቱን አለማጣበቃችን በጀን፤ ንቀሉትና ጥጡን መልሳችሁ ወትፉበት።